የቤት ኢንሹራንስ በራሱ ታድሶ ገንዘብ ሲቆረጥ፦ ቅሬታ ስናቀርብ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰንጋ ተራም ሆነ ልደታ፣ በባንክ ብድር ቤት የያዘ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ስልኩ ላይ የሚደርሰው መልእክት አለ። «ከሂሳብዎ ይህን ያህል ብር ተቀንሷል» ይላል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ ቢጻፍም «ኢንሹራንስ» ከምትል ቃል አያልፍም። እኔ በጋራ ሕንፃችን ኮሚቴ ውስጥ ስላለሁ ጎረቤቶቼ መልእክቱን ይዘው ይመጣሉ። ተናደው ነው የሚመጡት፤ ንዴታቸውም ብዙ ጊዜ እውነት አለው። የሚያሳዝነኝ ግን እውነት ይዘው ሄደው ባዶ እጃቸውን መመለሳቸው ነው። ጥያቄው ለማይመለከተው ሰው፣ በማይሆን ቃል፣ ያለ አንዳች ወረቀት ይቀርብና እዚያው ይቀራል። ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች እነሆ።

ማን እንደቆረጠው ሳያጣሩ መሟገት

እዚህ ጉዳይ ውስጥ ሁለት ውል አለ። አንዱ ከባንኩ ጋር የፈረሙት የብድርና የመያዣ ውል ነው። ሌላው የኢንሹራንስ ውሉ፣ ማለትም ፖሊሲው ነው። ገንዘቡን ከሂሳብዎ ያወጣው ባንኩ ነው፤ የዋጋውን ስሌት የሠራው ደግሞ የኢንሹራንስ ኩባንያው ነው። እነዚህን ሁለቱን ሳይለዩ የሚሄድ ሰው በሁለት ቢሮ መካከል ሲመላለስ ይውላል።

ጡረታ የወጡ አንዲት ጎረቤታችን የደረሰባቸው ይኸው ነው። ባንኩ ጋ ሲሄዱ ወጣቱ ሠራተኛ በትሕትና «እማማ፣ ሲስተሙ ነው የቆረጠው፤ ኢንሹራንሱን ይጠይቁ» አላቸው። ኢንሹራንሱ ጋ ሲደርሱ «እኛ የተከፈለን ከባንኩ ነው እናቴ፤ ባንክዎን ይጠይቁ» ተባሉ። ሁለቱም ያሏቸው ውሸት አልነበረም፣ ግን አንዳቸውም መልስ አልሰጧቸውም። ሲስተሙ የሚቆርጠው ሰው ባስገባው ትእዛዝ ነው፤ ያ ትእዛዝ ደግሞ ቀን፣ መጠንና የሰጪው ክፍል ስም አለው። የሚጠየቀው እሱ ነው።

ስለዚህ ጥያቄውን ለሁለት ይክፈሉት። ለባንኩ፦ በየትኛው የውል አንቀጽ ቆረጣችሁ? በምን ቀን? ለየትኛው ኩባንያ ላካችሁ? ማስረጃው የታለ? ለኢንሹራንሱ፦ ቤቱ የተመዘገበው በስንት ብር ነው? የአረቦኑ፣ ማለትም የኢንሹራንሱ ክፍያ፣ መጣኔ ከመቶ ስንት ነው? ምን ምን አደጋ ይሸፍናል? ከመቼ እስከ መቼ? የፖሊሲውና የዴቢት ኖቱ (የክፍያው ዝርዝር የተጻፈበት ሰነድ) ቅጂ ይሰጠኝ። እንዲህ ተለይቶ የቀረበ ጥያቄን አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሊገፋው አይችልም። ባንክ ውስጥ የሚያነጋግሩትም የገንዘብ ከፋይዋን ሳይሆን የብድር ክፍሉን ነው፤ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ የብድር ፋይልዎን የማየት ሥልጣን የላትም።

በነገራችን ላይ የተቆረጠው የቤት ኢንሹራንስ መሆኑን ራሱ ያረጋግጡ። አንዳንድ የቤት ብድር ከተበዳሪው የሕይወት ዋስትና ጋር ተያይዞ ይሰጣል። ተበዳሪው ቢሞት ዕዳውን የሚከፍለው ይህ ዋስትና ሲሆን ቤቱ ቢቃጠል ግን ምንም አይከፍልም። የሁለቱ ስሌት ለየቅል ስለሆነ በአንዱ ክርክር ሌላውን ማሸነፍ አይቻልም።

«ዘንድሮ አልፈረምኩም» ብሎ መጀመር

ከሁሉ የሚቀድመው ክርክር ይህ ነው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚዘጋውም ይኸው ነው። ባንኮች በመያዣ ውላቸው ውስጥ የሚያስገቡት የተለመደ ቃል አለ፦ ተበዳሪው የመያዣውን ቤት ኢንሹራንስ በየዓመቱ ያሳድሳል፤ ባያሳድስ ባንኩ አሳድሶ ወጪውን ከተበዳሪው ሂሳብ ይቀንሳል። ይህን የፈረሙት ብድሩን በወሰዱ ቀን፣ ከብዙ ገጾች መካከል ነው። ከዓመታት በኋላ «ማን ፈቀደላችሁ?» ሲሉ ሠራተኛው ፋይሉን አውጥቶ ፊርማዎን ያሳይዎታል። ያኔ ክርክሩ እዚያው ያበቃል፤ ትክክለኛው ቅሬታዎም አብሮ ይቀበራል።

መጀመሪያ ውሉን ያንብቡ። ቅጂው ከጠፋብዎ በማመልከቻ ይጠይቁ። አንቀጹን ሲያገኙ ባንኩ የማደስ መብት እንዳለው ብቻ ሳይሆን መብቱን እንዴት ሊጠቀምበት እንደተስማማ ይመልከቱ። አስቀድሞ ላሳውቅ ብሏል? ስንት ቀን ሰጥቶ? ኩባንያውን የመምረጥ መብት የማን ነው? አንቀጹ «ተበዳሪው ባያሳድስ» የሚል ከሆነ ደግሞ እርስዎ አሳድሰው ከነበረ ባንኩ ያንን መብት መጠቀም የሚችልበት ሁኔታ አልተፈጠረም ማለት ነው። «ለምን ቆረጣችሁ?» ከሚለው ይልቅ «ውሉ በሚለው መንገድ ቆርጣችኋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ እጅግ ይጠነክራል።

መጠኑን ሳያሰሉ «በዛ» ማለት

ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም ሆነ የሚድነው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

አረቦን ማለት ቤቱ የተመዘገበበት ዋጋ በመጣኔው ሲባዛ የሚገኝ ቁጥር ነው። ለስሌት ያህል መጣኔውን 0.15 ከመቶ እንበል። ቤቱ በ5,000,000 ብር ቢመዘገብ አረቦኑ 7,500 ብር ይሆናል፤ በ9,000,000 ቢመዘገብ 13,500 ብር። የቴምብር ቀረጥና ሌላ ክፍያ ካለ ዴቢት ኖቱ ላይ በየራሱ መስመር መታየት አለበት። እንግዲህ ዘንድሮ የጨመረው ከሦስቱ የትኛው ነው? የቤቱ ዋጋ? መጣኔው? ወይስ ያልጠየቁት ተጨማሪ ሽፋን ገብቶበታል? የአምናውንና የዘንድሮውን ዴቢት ኖት ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ብቻውን ብዙ ጊዜ መልሱን ይሰጣል።

በመሃል አዲስ አበባ ትልቁ ችግር የቤቱ ዋጋ ላይ ነው። ሰው ቤቱን የሚተምነው በገበያ ነው፤ «ቦታው ሜክሲኮ ነው፣ ለገሃር ነው፣ ይህን ያህል ሚሊዮን ያወጣል» ይላል። ገበያው የሚከፍልበት ግን በአብዛኛው አካባቢው ነው። እሳት አካባቢን አያቃጥልም። መሬት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ኢንሹራንስ የሚገባው ግንባታው ነው። ኢንሹራንሱ ሊያውቀው የሚገባው ዋጋ ያንኑ ቤት ዛሬ መልሶ ለመሥራት የሚጠይቀውን ወጪ ነው። በንግድ ሕጉ አንቀጽ 678 መሠረት የንብረት ኢንሹራንስ የካሣ ውል ነው፤ ካሣውም አደጋው በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ ሊያልፍ አይችልም። ስለዚህ በሽያጭ ዋጋ የተመዘገበ ቤት ባለቤት በየዓመቱ ፈጽሞ ሊያገኘው ለማይችለው ካሣ እየከፈለ ነው። ይህ ሲያጋጥምዎ ቅሬታዎ ጠንካራ ነው፤ የግንባታውን ግምት በጽሑፍ ያቅርቡና ዋጋው እንዲስተካከል ይጠይቁ። ስለ ንግድ ሕጉ አንድ ነገር ልጨምር፦ አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ሲወጣ አሮጌው ሕግ ጨርሶ የተሻረ የሚመስላቸው አሉ። የ1952ቱ ሕግ የኢንሹራንስ ክፍል አልተሻረም።

ወደ ተቃራኒው መሳሳት ደግሞ ይብሳል። አረቦን ለመቀነስ ብለው የቤቱን ዋጋ ያለ ልክ የሚያስወርዱ አሉ። መልሶ ለመሥራት 6,000,000 ብር የሚጠይቅ ቤት በ3,000,000 ተመዝግቦ የ1,000,000 ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ ኩባንያው የሚከፍለው ግማሹን፣ 500,000 ብር ነው። ግማሹን ብቻ ስላስመዘገቡ የቀረው ግማሽ አደጋ የራስዎ ነው። ጥቂት ሺህ ብር ለማትረፍ ሲባል ግማሽ ሚሊዮን ማጣት ይህ ነው።

ጭማሪው ሁሉ በደል እንዳልሆነም መቀበል ያስፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብረቱም፣ ሴራሚኩም፣ የኤሌክትሪክ ዕቃውም ዋጋው ሌላ ሆኗል። ከዚያ በፊት በተገመተ ዋጋ ላይ የቆየ ቤት ዛሬ በዚያው ቢቀጥል የሚጎዳው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ስለ ጭማሪው ሲጠይቁ የግምቱን መነሻ ይጠይቁ። ማን ገመተው፣ መቼ ገመተው፣ ቤቱን አይቶታል ወይ?

ስለ ተጨማሪ ሽፋንም እንዲሁ ነው። መሠረታዊው የእሳትና የመብረቅ ሽፋን ነው፤ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ጎርፍ፣ ሁከት፣ ሰብሮ መስረቅ በየራሳቸው ክፍያ ይጨመራሉ። ያልጠየቁት ሽፋን ተጨምሮ ከሆነ የመቃወም መብት አለዎት። ግን ከማስወጣትዎ በፊት ያስቡበት። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ እዚህ ፎቅ ላይ ያለነውን ሌሊት ከአልጋችን አስነስቶናል። እኔ ብሆን የመንቀጥቀጡን ሽፋን አላስወጣም።

አሳድሶ ለባንኩ አለማሳወቅ

ሁለት ጊዜ የመክፈል ዋናው ምክንያት ይህ ነው። ባለቤቱ በሚያውቀው ወኪል በኩል ያሳድሳል፣ ደረሰኙን መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጣል። ባንኩ ፋይሉ ላይ ያለው የአምናው ፖሊሲ ነው፤ ጊዜው አልፏል። ስለዚህ ያሳድሳል፣ ይቆርጣል። አሁን አንድ ቤት ሁለት ፖሊሲ አለው። ቢቃጠል ግን ሁለት ካሣ የለም፤ ከላይ የጠቀስኩት አንቀጽ ከጉዳቱ በላይ እንዳይከፈል ይከለክላልና።

ሲያሳድሱ ፖሊሲው ላይ የባንኩ ጥቅም፣ ማለትም ቤቱ የባንኩ መያዣ መሆኑ፣ መጠቀሱን ያረጋግጡ፤ ያለዚያ ባንኩ አልቀበልም ሊል ይችላል። ቅጂውን የቀድሞው ከማብቃቱ በፊት ለብድር ክፍሉ ያስገቡ፣ በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ «ደርሶናል» የሚል ማኅተምና ቀን ያስደርጉ። አስቀድሞ ሁለት ጊዜ ተቆርጦ ከሆነ ደግሞ ፈጥነው ይንቀሳቀሱ። ሁለተኛው ፖሊሲ «ከመነሻው እንዲሰረዝ» ብለው ይጠይቁ፤ እንዲሁ «ይሰረዝልኝ» ካሉ ኩባንያው እስከዚያ ቀን ላለው ጊዜ የድርሻውን ቆርጦ የቀረውን ብቻ ሊመልስ ይችላል። በዚያ ጊዜ ሌላ ፖሊሲ እንደነበረዎት የሚያሳየው ቅጂ ማስረጃዎ ነው።

የጋራ ሕንፃ ነዋሪዎች ደግሞ ማኅበሩ ሕንፃውን በጅምላ ኢንሹራንስ አስገብቶ እንደሆነ ይጠይቁ። ማኅበሩ ከገባ የርስዎ ክፍል ምን ያህሉ እንደተሸፈነ በጽሑፍ ወስዶ ለባንኩ ማሳየት ይቻላል።

ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ማንበብ

ፖሊሲውም የባንክ ስቴትመንቱም ብዙ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 01/07/25 የሚለውን መጋቢት 1 ብሎ ያነበበ ሰው «ካበቃ ከወራት በኋላ ቆረጣችሁ» እያለ ይከራከራል፤ ቀኑ ግን ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ማመልከቻዎ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ይጻፉ።

ተናዶ ሂሳቡን ማራቆት ወይም ኢንሹራንሱን ማቋረጥ

«ገንዘብ ካላገኙ አይቆርጡም» ብለው ደመወዛቸውን ወደ ሌላ ባንክ የሚያዞሩ አሉ። ከዚያ ሂሳብ የሚቆረጠው ግን የወሩ የብድር ክፍያም ነው። ክፍያ ሲዘለል ቅጣት ይጀምራል፣ ብድሩም ወደተበላሸ ይሄዳል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ የመሸጥ ሥልጣን አለው። በጥቂት ሺህ ብር አረቦን የተጀመረ ጠብ ወደዚያ መድረስ የለበትም።

ኢንሹራንሱን እስከ ክርክሩ መጨረሻ ማቋረጥም ያው ነው። በጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ የተነሳውን እሳት ያየ ሰው አንድ ሌሊት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያውቃል። እየተከራከሩ ይክፈሉ፤ ማመልከቻዎ ላይ «ክፍያው የተፈጸመው ቅሬታዬ እንደተጠበቀ ሆኖ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ያስገቡ። መክፈልዎ መስማማት ተደርጎ እንዳይወሰድ ያደርጋል።

በቃል መጨረስ

«ሥራ አስኪያጁን አነጋግሬዋለሁ፣ አየዋለሁ ብሎኛል።» ከጎረቤቶቼ ደጋግሜ የምሰማው ይህ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሌላ ቅርንጫፍ ይዛወራል፣ ቃሉም አብሮት ይሄዳል። ዘመድ ወይም ወዳጅ ባንክ ውስጥ ያለው ሰውም በስልክ ነገሩን ያስይዝና ይረካል፤ ያ ዘመድ ወይም ወዳጅ መንገድ ቢከፍትልዎ መልካም ነው፣ ግን ከስልኩ በኋላ ማመልከቻው መግባት አለበት። ማመልከቻ ሲያስገቡ በሁለት ቅጂ ያድርጉት፤ መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ይስጠው፣ አንዱ እርስዎ ጋ ይቅር። ረጅም ታሪክ አያስፈልገውም፦

«ጉዳዩ፦ ከሂሳቤ ስለተቆረጠ የኢንሹራንስ ክፍያ። በቀን … ከሂሳብ ቁጥሬ … ላይ ብር … ተቀንሷል። ስለ እድሳቱ አስቀድሞ የደረሰኝ ማሳወቂያ የለም። ስለሆነም 1ኛ፣ ክፍያው የተቆረጠበት የውል አንቀጽ እንዲገለጽልኝ፤ 2ኛ፣ የፖሊሲውና የዴቢት ኖቱ ቅጂ እንዲሰጠኝ፤ 3ኛ፣ ከዚህ ጋር ባያያዝኩት ማስረጃ መሠረት ብር … ተመላሽ እንዲሆንልኝ በማክበር እጠይቃለሁ። መልሱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ።»

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ቁጥሩን ይጻፉ። «ተገቢው ይመለስልኝ» ያለ ሰው ተገቢው ስንት እንደሆነ ሌላው እንዲወስንለት ፈቅዷል። «ማሳወቂያ አልደረሰኝም» ከማለትዎ በፊትም ባንኩ የያዘው ስልክ ቁጥርና ፖስታ ሣጥን የዛሬው መሆኑን ያረጋግጡ። ማሳወቂያው ከዓመታት በፊት ወደተዘጋ ቁጥር ተልኮ ከሆነ ክርክሩ ይዳከማል።

ደረጃውን መዝለል፣ ወይም ዝም ብሎ መቆየት

ከቅርንጫፉ መልስ ካጡ ወደ ዲስትሪክቱ፣ ከዚያ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ቅሬታ ክፍል ይሂዱ። ባንኮችንም ኢንሹራንሶችንም የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው። ያወጣው የፋይናንስ ሸማቾች ጥበቃ መመሪያ ቁጥር FCP/01/2020 እነዚህ ተቋማት ክፍያቸውን በግልጽ እንዲያሳውቁና የደንበኛ ቅሬታ የሚያስተናግዱበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ያዛል። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያለው ቢሮው ጋ በቀጥታ የሄደ ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው «ለተቋሙ አመልክተዋል ወይ? መልሳቸው የታለ?» ተብሎ ነው። ማኅተም ያለበት ቅጂዎ ዋጋው እዚህ ይታያል።

ልደታ ፍርድ ቤት የመጨረሻው አማራጭ ነው። ከመክሰስዎ በፊት ፖሊሲው ላይ የግልግል አንቀጽ መኖር አለመኖሩን ይዩ። ጊዜውንም አይርሱ፤ በንግድ ሕጉ አንቀጽ 674 መሠረት ከኢንሹራንስ ውል የሚነሳ ጥያቄ በ2 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። «አየዋለሁ» የሚለውን መልስ ሲጠብቁ ይህ ጊዜ ያለፈባቸው አሉ።

ብድሩ ሲያልቅ ወይም ቤቱ ሲነሳ ኢንሹራንሱን መርሳት

ዕዳውን ጨርሶ ካርታውን የተቀበለ ሰው ሁሉም ነገር በዚያው የተዘጋ ይመስለዋል። የመያዣው ምዝገባ ይሰረዛል፤ የእድሳት ትእዛዙ ግን ካልተነገረ ላይሰረዝ ይችላል። ክሊራንስ (ዕዳ የለብዎትም የሚለውን ማረጋገጫ) ሲወስዱ የእድሳት ትእዛዙ መቆሙን የሚገልጽ ደብዳቤም አብረው ይጠይቁ። ቤቱን ከሸጡም ለኢንሹራንሱ ያሳውቁ፤ ፖሊሲው ወደ ገዢው እንዲዛወር ወይም ለቀሪው ጊዜ አረቦኑ እንዲመለስ ይነጋገሩ።

በፒያሳና በካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት የግል ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎችም ይህን ማድረግ አለባቸው። በዚያ ሁሉ ሩጫ ስለ ኢንሹራንስ ማሰብ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን በሌለ ቤት ላይ አረቦን መክፈል አይገባም። የቤቱን መነሳት የሚገልጸውን የወረዳ ወይም የክፍለ ከተማ ደብዳቤ ከማመልከቻ ጋር አያይዘው ከፈረሰበት ቀን ጀምሮ ያለው ድርሻ እንዲመለስ ይጠይቁ። ከዚያ ወዲህ የታደሰ ካለ ሙሉው እንዲመለስ ይጠይቁ። ተመላሹ ብዙ ጊዜ ለባንኩ ስለሚላክ ባንኩ ወደ የትኛው ሂሳብ እንዳስገባው በስቴትመንት ያረጋግጡ፤ ኢንሹራንሱ የመለሰው ገንዘብ ባንኩ ጋ ተቀምጦ ባለቤቱ ሳያውቅ የቆየበት ጊዜ አለ።